ውሻው ተከትሎን ወጣ

በመንዝ የበጋ ጧት ብርዱ ብርቱ ነው። በታኅሣሥ ወር ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ደጅ ያደረ ውሃ ላዩ በረዶ ይሆናል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ለማስተማር ስመጣ ይህን ብርድ አላውቀውም ነበር። ባና ያለበሱኝ ተማሪዎቼ ናቸው።

እሑድ ትምህርት የለም። ስለዚህ ከሁለት አስተማሪ ጓደኞቼ ጋር ወደ ጓሳ በእግር እንሄዳለን። አንድ አዛውንት ተማሪዬ መንገድ ይመሩናል። በሌላው ቀን እኔ ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ። እሑድ ግን አስተማሪው እሳቸው ናቸው።

ጓሳ ደጋ ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ሣሩም ጓሳ ይባላል። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድም ይገመድበታል። ጥንት ሣሩን የሚጠብቅ ቄሮ የሚባል የአባቶች ደንብ ነበር። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ደንቡ ቀረ። ዛሬ የአካባቢው ሕዝብ በሌላ ደንብ ይጠብቀዋል።

ያን እሑድ አንድ ውሻ ተከተለን። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማታ ማታ ከራቴ እየቆረስኩ እሰጠው ነበር።

አዛውንቱ "ውሻውን መልሰው እንጂ ልጄ" አሉኝ።

"ግድ የለም አባባ፣ ይከተለን" አልኩ።

ጭላዶቹን ጅብራው አጠገብ አገኘናቸው። ከመቶ ይበልጣሉ። ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው፤ ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ ይታያል። በመካከላቸው አንድ ቀይ እንስሳ ቀስ እያለ ይሄዳል። እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል፣ ጉሮሮው ነጭ ነው።

"ቀበሮ! የበግ ሌባ!" ብሎ ጓደኛዬ ድንጋይ አነሣ።

አዛውንቱ እጁን ያዙት። "አስቀምጥ! የበግ ሌባው ሌላው ቀበሮ ነው። ይህ ቀይ ቀበሮ ነው። የዚህ ምግቡ አይጥ ነው።"

እውነትም ጭላዶቹ አልሸሹም። በልጆቻቸው አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ቀይ ቀበሮው ቆመ። ጆሮውን ቀሰረ። ዘለለ። አይጥ በአፉ ይዞ ተነሣ! በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ የጓሳ ጥናት ይህንኑ ቆጥሮታል። ቀይ ቀበሮ በጭላዶች መካከል ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲያድን ግን 25ቱ ብቻ ነው። አዛውንቱ ጥናቱን አላነበቡም። ነገሩን ግን ከእረኝነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

እንዲህ እያየን ሳለ ውሻው ጮኸና ሮጠ። ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ጭላዶቹ ወደ ገደሉ ወረዱ። ቀይ ቀበሮው አይጡን ጥሎ ሸሸ። ውሻው አይጡን በላና ጅራቱን እየቆላ ወደ እኔ መጣ።

አዛውንቱ ሳይናገሩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ "ቢነክሰውስ ኖሮ?" አሉ።

እኔ ስለ ቁስል መስሎኝ ነበር። እሳቸው የሚሉት ስለ በሽታ ነው። ያበደ ውሻ አንዱን ቀይ ቀበሮ ከነከሰ በሽታው ወደ ሌሎቹም ይዛመታል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሻ የመጣ የእብደት በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። ያደጉት በጠቅላላው 500 አይሞሉም ይባላል። ለውሻ መከላከያ ክትባት አለ። የእኔ ውሻ አልተከተበም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ስንመለስ ማንም አልቀለደም።

በሚቀጥለው እሑድ ውሻውን በጓሳ ገመድ አሰርኩት። ገመዱን የሰጡኝ አዛውንቱ ናቸው። ከመንደሩ እስክንርቅ ጩኸቱ ይሰማን ነበር። ጭላዶቹን በቦታቸው አገኘናቸው። እስከ ቀትር ተቀምጠን ጠበቅን፤ ቆሏችንም አለቀ። ቀይ ቀበሮው ግን አልመጣም።