በእንጦጦ ራጉኤል ደጅ የሚነሣ ፎቶግራፍ

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ዳገቱን የወጣ ሰው የባሕር ዛፍ ሽታ ሲቀበለው እንጦጦ መድረሱን ያውቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ በሚለው በዚህ ተራራ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ አስቀድሞ ከተማቸውን አድርገው ነበር። ከእንጦጦ ማርያም ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

የራጉኤል ዓመታዊ በዓል የሚውለው መስከረም 1 ቀን ነው። ስለዚህም ዘመን በተለወጠ ቁጥር ነጭ የለበሱ እናቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ወደ ተራራው ይወጣሉ። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ፣ ከተማዋ ከታች ተዘርግታ በምትታይበት ሥፍራ ፎቶግራፍ መነሣት ይጀመራል። ዛሬ ለዚህ የኪስ ስልክ ይበቃል።

ቀድሞ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ፣ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ፎቶግራፍ ወደ ሠፈር ፎቶ ቤት የወረደው ቆይቶ ነው። በመጋረጃው ፊት የሚቆም ቤተሰብ አምሮና ተቀባብቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ይነሣ ነበር፤ አንዱ ፊልም ብዙውን ጊዜ ከ36 ፎቶ አያልፍምና። ፊልሙ በጨለማ ክፍል ታጥቦ እስኪወጣ ድረስም ማን ዓይኑን እንደጨፈነ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህ ማለት ግን የፊልም ፎቶ አይነካካም ማለት አይደለም። ባለሙያው ብርሃኑን በእጁ እየከለለ የጠቆረውን ፊት ያፈካ፣ በሾለ እርሳስ ከኔጌቲቩ ላይ ማድያትና ሽብሽብ ያጠፋ፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ከንፈርና ጥለት ይቀባ ነበር። ይሁንና ሥራው አድካሚ ስለነበረ የሚለወጠው ጥቂት ነው።

በ1968 ዓ.ም. ስቲቨን ሳሰን የተባለ የኮዳክ መሐንዲስ ያለ ፊልም የሚያነሣ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። የዛሬው ስልካችን የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ጥቅሙ አይናቅም፤ እንጦጦ ላይ የተነሣ የልጅ ፎቶ የበዓሉ ቡና ሳይፈላ ባሕር ማዶ ላለችው አክስቱ ይደርሳል። የጨለመውን ማፍካት፣ የተንጋደደውን ማቃናትም ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ስልኩ ቆዳ ሲያቀላና አፍንጫ ሲያቀጥን ነው። የ13 ዓመት ልጅ የራሷ ያልሆነውን መልክ ደጋግማ ካየች መስተዋት የሚያሳያትን መውደድ ሊከብዳት ይችላል። «አንቺው ራስሽ ቆንጆ ነሽ» ብሎ መንገር የእኛ የእናቶች ፋንታ ነው።

በዚሁ መንገድ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ለብዙ ዓመታት የጎብኚ ካሜራ ያልተለያቸው ናቸው። ፎቷቸው ባሕር ሲሻገር ለራሳቸው አንድ ቅጂ የደረሳቸው ስንቶቹ ይሆኑ? ሰውን ከማንሣት በፊት «ላንሣሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ ሲቻልም ቅጂውን መስጠት ጨዋነት ነው።

የተራ ቤተሰብ ፎቶ ዋጋ የለውም የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ የተዘጋጀው ከነዋሪዎች አልበም ከተሰበሰቡ የዘወትር ፎቶግራፎች ነው። የሠርግ፣ የትምህርት ቤትና የጓደኛ ፎቶ የከተማ ታሪክ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ እናቶች የሚከተሉትን ልብ ቢሉ ይጠቀማሉ። በበዓሉ ከተነሡት መቶ ፎቶዎች አምስቱን መርጣችሁ አሳጥቡ። በጀርባው ስም፣ ቀንና ቦታ በእርሳስ ጻፉ። የምታስተካክሉት ቅጂውን እንጂ ዋናውን አይሁን። አልበሙን ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁ። አያቶች በሕይወት ሳሉም በአሮጌው ፎቶ ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ ጠይቃችሁ መዝግቡ።

በመጨረሻም፣ በብዙ ቤት ፎቶውን የምታነሣው እናት ስለሆነች እርሷ ከፎቶው ውጭ ትቀራለች። ስልኩን ለልጅሽ ስጪና አንቺም ከመካከል ግቢ። ልጆችሽ ነገ አልበሙን ሲገልጡ አንቺንም ይፈልጉሻልና።