የራዲያተር ክዳን

ወዳጆቼ፣ ጎፋ ሰፈር ስላገኘሁት አንድ ጋራዥ ሳልጽፍ ብቀር ይከነክነኛል።

መኪናዬ ዳገት በወጣሁ ቁጥር እየጋለች አስቸገረችኝ። መጀመሪያ የወሰድኳት ቦታ ገና ሳይነኳት «ቴስታታው መውረድ አለበት» አሉኝ። የጠሩት ዋጋ የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ጠራርጎ የሚወስድ ነው። እስቲ ሌላ ቦታ ላሳይ ብዬ ሄድኩ።

ልጁ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ጎሚኒውን በጣቱ ዳበሰና «ጋሼ፣ ይሄ አልቋል። ግፊት ስለማይዝ ውሃው ቶሎ ይፈላል» አለኝ።

ለማን ነው የሚነግረው? አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ስንቴ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩ ተማሪዎቼ ታውቃላችሁ! ክዳኑ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

አዲስ ክዳን ገጠመልኝ። «ድናለች ብዬ አልምልልዎትም፤ ሳምንት ይንዷት፣ ውሃ ከቀነሰች ይመለሱ» አለኝ። የእጅህስ ስላቸው ባለቤቱ የክዳኑን ብቻ ተቀበሉኝ።

ተማሪዬ ይሆን እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። ደሴ ነው የተማረው።

ሦስት ሳምንት ሆነ፣ መርፌዋ መሃል ላይ ናት። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር።