አሮጌው ውጅግራ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ልቡን የሚጥልበት አንድ ነገር አያጣም። አንዱ መጽሐፍ ይሰበስባል፤ ሌላው የድሮ ገንዘብ ያጠራቅማል። እኔም ከወጣትነቴ ጀምሮ የአሮጌ ጠመንጃና የአሮጌ ሽጉጥ ፍቅር አድሮብኝ ኖሯል። ፍቅሩን እንደ ነውር አልቈጥረውም፤ ነገር ግን እርሱ ያሠራኝ አንድ ነውር አለና፣ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ እንዳትደግመው ብዬ እነሆ እጽፍልሃለሁ።

አስቀድሜ ስለ ውጅግራ ጥቂት ላጫውትህ። ውጅግራ ፈረንሳዮች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ለጦር ሠራዊታቸው ያወጡት ጠመንጃ ነው። ስሙም «ፊዚ ግራ» ከሚለው ከፈረንሳይኛው መጠሪያ የመጣ ነው ይባላል። የሚጐርሰው አንድ ጥይት ብቻ ስለ ሆነ፣ ተኳሹ በተኰሰ ቍጥር መቀርቀሪያውን ከፍቶ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ ሌላ ማጕረስ አለበት። ፈረንሳዮች በ1886 ብዙ ጥይት የሚጐርሰውን ለበል የተባለውን ጠመንጃ ባወጡ ጊዜ፣ ውጅግራው በነጋዴ እጅ እየሆነ ወደ አገራችን ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት አባቶቻችን ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ነበር።

በአሜሪካም የእኔን ዓይነት ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። እነርሱ አብልጠው የሚፈልጉት በ1873 የወጣውን ኮልት ሽጉጥ ነው። ይህ ሽጉጥ ስድስት ጥይት ይይዛል፤ ዳሩ ግን ተኳሹ በእያንዳንዱ ጥይት መዶሻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ መሳብ አለበት። የኮልት ፋብሪካ የድሮ መዝገቦቹን ስለ ጠበቀ፣ አንድ ሽጉጥ በየትኛው ቀን ወጥቶ ለማን እንደ ተላከ የሚመሰክር ደብዳቤ ለጠየቀ ሰው ይጽፋል። በ1881 ፓት ጋሬት የተባለ ሹም ቢሊ ዘ ኪድ የተባለውን ሽፍታ የገደለበት ኮልት በ2021 ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ብረቱ ከሌላው ኮልት ብረት የሚለይበት ነገር አልነበረም፤ የተከፈለው ገንዘብ የታሪኩ ዋጋ ነበር። በእኛም አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸው ስለ ነበረ፣ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል።

እኔ ይህን ሁሉ አንብቤ አውቅ ነበር። ነገር ግን ማወቅና መሥራት ለየቅል ናቸው።

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ከመውጣቱ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በዘጌ አንዲት ባልቴት የአባታቸውን ውጅግራ በቤታቸው አስቀምጠዋል ሲሉ ሰማሁና፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ከባሕር ዳር በጀልባ ተሳፍሬ ሄድሁ። ባልቴቲቱ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። በቡናው ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ቡና አፍልተው፣ ቈሎ አቅርበው እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝ። ጠመንጃውን ሲያወጡልኝ መቀርቀሪያው ወልቆ የጠፋ፣ ሰደፉ በጢስ የጠቈረ ነበር። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን አጠቈርሁ።

«እማማ፣ ይህ እኮ የማይተኩስ አሮጌ ብረት ነው» አልኋቸው። «ቤት ውስጥ ማስቀመጡም መዘዝ እንዳያመጣብዎ እፈራለሁ።»

እርሳቸውም አመኑኝ። ለአንድ ኩንታል ጤፍ የማይበቃ ገንዘብ ሰጥቻቸው፣ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልዬ ተመለስሁ። አባታቸው ማን እንደ ነበሩ፣ ጠመንጃውን ከየት እንዳገኙት አንዲት ቃል አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ ዋጋው ይወደድብኛል ብዬ ፈርቼ ነበርና። ቤቴ እንደ ደረስሁም ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቫርኒሽ ቀባሁት። እንደ መስተዋት አበራ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ቤቴ መጥተው ግድግዳውን አዩና «የማን ጠመንጃ ነው?» አሉኝ።

«የእኔ ነው» አልሁ።

«አሁንማ ያንተ ነው፤ ቀድሞ የማን ነበር ማለቴ ነው» አሉ።

የምመልሰው አጣሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሳምንቱ ጠመንጃውንና ተገቢ የመሰለኝን ገንዘብ ይዤ ወደ ዘጌ ተሻገርሁ።

ባልቴቲቱ አሁን ጭራሽ አያዩም ነበር። ጠመንጃውን በጭናቸው ላይ ባኖርላቸው፣ ጣታቸውን በሰደፉ ላይ ወዲያና ወዲህ ካመላለሱ በኋላ «ልጄ፣ ተሳስተሃል፤ ይህ የአባቴ አይደለም» አሉኝ።

እያፈርሁ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

«አምስት ምልክት ነበረው» አሉ በመጨረሻ። «አባቴ ልጅ በተወለደለት ቍጥር በካራ ይቈርጥ ነበር። ሦስተኛዋ እኔ ነበርሁ። ልጅ ሳለሁ በጣቴ እየዳሰስሁ እቈጥራቸው ነበር።»

ገንዘቡን ተቀበሉኝ፤ ጠመንጃውን ግን «ምን ያደርግልኛል?» ብለው መለሱልኝ። ያን ቀን እስከ ማታ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ አባታቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጠላት ዘመን ያን ጠመንጃ ይዘው በዱር እንደ ኖሩ፣ መቀርቀሪያውም የት እንደ ጠፋ አጫወቱኝ፤ እኔም ጻፍሁ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ምናልባት አንተም አንድ ቀን የአያትህን ጋሻ፣ የጎረቤትህን የብራና መጽሐፍ ወይም የባልቴት ጠመንጃ ትመኝ ይሆናል። ሕጉን ጠብቅ፤ ተገቢውን ዋጋ ክፈል፤ ከሁሉ አስቀድመህ ግን «የማን ነበር?» ብለህ ጠይቅ፤ ሳትጠይቅም አትፈግፍግ። ጠያቂን ባለ ታሪኩ ይመርቀዋል፤ ያልጠየቀ ግን ያልገባውን ነገር አጥፍቶ በመስተዋቱ ይደሰታል።

ውጅግራው ፈቃድ ወጥቶለት ዛሬም በቤቴ አለ። የባልቴቲቱን ቃል የጻፍሁበትን ወረቀት በአፈሙዙ ላይ አስሬበታለሁ፤ በወረቀቱም ግርጌ አምስት መስመር አስምሬያለሁ። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር በጣት አይዳሰስም።