ወደ ኋላ የሚተነፍስ ጠመንጃ

ስለ ጠመንጃ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ከአፈ ሙዙ ስለሚወጣው ነገር ነው፤ አረሩ ምን ያህል ይሄዳል፣ ምን ያህልስ ይበሳል ይባላል። ወደ ኋላ ምን ይወጣል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ ያሰብነው ይህን የኋላውን ነገር ነው፤ ሰደፉን ከጉንጩ አስጠግቶ ለሚተኩስ ሰው የሚቀርበው አፈ ሙዙ ሳይሆን የኋላው መጉረሻ ነውና።

ጠመንጃ ከአፉ ይጎርስ በነበረበት ዘመን ይህ ጭንቀት እምብዛም አልነበረም። ቱቦው ከኋላ በኩል ድፍን ስለ ነበረ፣ ከትንሿ የእሳት ቀዳዳ በቀር የጋዙ መውጫ አንድ ብቻ ነበር። ነገር ግን በፈረስ ላይ ያለ ወታደር ባሩዱን በአፈ ሙዙ አፍስሶ፣ አረሩን በዘንግ ጠቅጥቆ፣ ልጓሙንም ይዞ ይተኩስ ቢባል ሁለት እጅ አይበቃውም። ስለዚህ ለፈረሰኛ የሚሠራው አጭር ጠመንጃ፣ ካርቢን የሚባለው፣ ከኋላው እንዲጎርስ ተፈለገ። ይህን ማድረግ ማለት ግን ድፍኑን ብረት ቆርጦ በር ማበጀት ነው፤ በር ካለ ደግሞ ስንጥቅ አለ።

በዚያ ላይ ጥቁር ባሩድ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ከመቶው 75 እጅ ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ሲሆን፣ በተቃጠለ ጊዜ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ ሳይሆን ጭስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ትኩሱ ጋዝ በስንጥቁ ባለፈ ቁጥር ብረቱን እየበላ ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ ጥላሸቱ ደግሞ በሚንቀሳቀሰው ብረት መካከል ገብቶ ይጋገራል። አንዱ በሩን ሲያላላ ሌላው በሩን ያጣብቃል ማለት ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1819 ዓ.ም. የጆን ሆልን የኋላ ጎራሽ ጠመንጃ ሲቀበል ይህ ችግር አብሮ ገባ። ባሩዱና አረሩ የሚቀመጡበት ክፍል ከፊቱ ብድግ ብሎ ጎርሶ ይመለሳል፤ ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ግጥም ላይ ግን እሳት ያመልጥ ነበር። ክርስቲያን ሻርፕስ በ1848 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያወጣበት ጠመንጃ ከዚህ ይልቅ የተሻለ ነበረ። ምላጩን ያቀፈው ዘንግ ወደ ታች ሲሳብ ወፍራሙ መዝጊያ ብረት ቁልቁል ይወርዳል፤ ባሩዱ በወረቀት ወይም በበፍታ እንደ ተጠቀለለ ይጎርሳል፤ ብረቱ ተመልሶ ሲወጣ ስለታሙ ጠርዝ የጥቅሉን ጅራት ይቆርጠዋል። ነገሩ ብልሃት የሞላበት ነው። ሆኖም ከተቆረጠው ጅራት የፈሰሰችው ጥቂት ባሩድ በመዝጊያው አናት ላይ ትቀራለች፤ የሚያመልጠው እሳት ሲያገኛት እርስዋም ትነዳለች፤ ተኳሹም ዐይኑን መጨፈን ይለምዳል። ዐይኑን የሚጨፍን ተኳሽ ደግሞ ምን እንደሚመታ አንባቢ ያውቀዋል። በ1859 ዓ.ም. ሪቻርድ ሎረንስ በመዝጊያው ፊት ላይ ተንቀሳቃሽ የብረት ቀለበት ጨመረበት፤ የራሱ የጋዙ ግፊት ቀለበቱን ወደ ቱቦው እየገፋ ስንጥቁን እንዲደፍን ነው። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ መንግሥት ከ80 ሺህ በላይ የሻርፕስ ካርቢን ገዝቷል፤ እንግዲህ ፍጹም ባይሆንም የሚታመን መሣሪያ ነበረ ማለት ነው።

አውሮፓም ከዚህ አላመለጠችም። በ1866 ዓ.ም. ኦስትሪያን ድል ያደረገው የፕሩሲያ ወታደር የያዘው የድራይዘ ባለ መርፌ ጠመንጃ መዝጊያው ሲያረጅ ወደ ፊት እሳት ይረጭ ስለ ነበር፣ ከጉንጩ አርቆ፣ አንዳንዱም ከወገቡ ላይ ይተኩስ ነበር። ፈረንሳዮች በዚያው ዓመት ሻስፖ ለሚባለው ጠመንጃቸው የጎማ ቀለበት አበጁለት። ጎማው ግን በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ወታደሩም መለወጫ ይዞ ይዞራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀን መድኃኒቱ ከራሱ ከበሽታው መገኘቱ ነው። ባሩዱ በስስ የነሐስ ቀለህ ውስጥ ሲሆን፣ ያው አምላጭ ግፊት ቀለሁን ነፍቶ ከመጉረሻው ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ በሩ በጥይቱ ራሱ ተደፈነ ማለት ነው። በያዕቆብ ስናይደር ስም የሚጠራው የእንግሊዝ ጠመንጃ፣ ሻስፖም በ1874 ዓ.ም. ተለውጦ የወጣው የግራ ጠመንጃ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱንም እኛ በቋንቋችን እናውቃቸዋለን። ሰናድር የምንለው ስናይደርን ነው፤ ውጅግራም ከፈረንሳይኛው ‹ፉዚ ግራ› የመጣ ነው። በአገራችን አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ፣ ፊታውራሪ ገብርዬ በወደቁበት ቀን፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከአፍ የሚጎርስ ጠመንጃውን ይዞ የገጠመው ሰናድር ከያዘ የእንግሊዝ ጦር ጋር ነበረ።

ቀለሁ ከተሰነጠቀ ግን ሰናድርም ተመልሶ ያው የድሮው ጠመንጃ ይሆናል። ይህንን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅነውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አያታችን በደቡብ ጎንደር ባረፉ ጊዜ፣ አጎታችን ከግድግዳ ላይ የቤቱን ሰናድር አወረዱ። ዝናሩ ውስጥ አንጥረኛ በአገር ባሩድ መልሶ የሞላቸው ሦስት ጥይቶች ነበሩ። ተኳሽ ሊሆን የተመረጠው የ16 ዓመቱ የልጅ ልጅ ነበር። ጥይቶቹን ተቀብለን በመስኮት ብርሃን ስናገላብጣቸው፣ ሁለቱ በመቀመጫቸው አጠገብ ጠጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረባቸው፤ ሦስተኛው ዝጎ መለየት አልተቻለም። የጠመንጃው መዝጊያ ደግሞ በማጠፊያው ላይ ላልቶ፣ በአውራ ጣት ሲነካ ይወዛወዝ ነበር።

«ጋሼ፣ እሳቱ ወደ ልጁ ዐይን ነው የሚመጣው» አልናቸው።

«አባባ ያለ ሰናድራቸው ተኩስ አይሸኙም» አሉ። «እርሳቸው ስንት ጊዜ ሲተኩሱበት አይቻለሁ፤ አንድም ቀን ፊታቸውን አልላሳቸውም። የተማረ ሰው ፍርሃቱ ብዙ ነው።»

የተናገሩት ሐሰት አልነበረም፤ አያታችን ይተኩሱበት በነበረ ጊዜ ቀለሁ አዲስ ነበረና። እንዲህም ሆኖ ጥይቶቹን አልመለስንላቸውም። በለቅሶ ቤት፣ በታላቅ ፊት፣ በዘመድ ሁሉ መካከል እምቢ ማለት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ሰናድሩ ባዶውን ከፈረሱ ኮርቻ ላይ ተጋድሞ ሬሳውን ተከተለ፤ ተኩሱም በአንድ ጎረቤት መሣሪያ ተተኮሰ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አጎታችንም እስከ ፋሲካ ድረስ አላነጋገሩንም።

በፋሲካ ዕለት ከገበታው አጠገብ አስቀመጡንና፣ «እውነቱን ንገረኝ፤ ያን ዕለት ተተኩሶ ቢሆን ልጁን ይጎዳው ነበር?» ብለው ጠየቁን።

«ላይጎዳውም ይችል ነበር» አልናቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም ከዶሮው ወጥ ጠቅልለው አጎረሱን።