ራሙን ማን ያነበዋል?

አቦሉ እስኪቀዳ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ዋና ሥራው የሥጋ ደዌ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ዓይነት ሕመምተኛ ያክማል። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል። ስሙ ግን አይድንም፤ ትዳር አፍርሷል፣ ሰውን ከጎረቤቱ አራርቋል። ስለዚህ ካርድ ክፍል ያለችው ያቺ ካርድ ማን እጅ ትገባለች የሚለው ጥያቄ ለታካሚው የኑሮ ጉዳይ ነው።

በየጤና ተቋሙ ካርዱ ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ አንዱ ተቋም «ሰርቨር ከመግዛት ክላውድ ብከራይ ይሻለኛል» ቢል አይገርምም፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ ብሎ ያቀርባል። መከራየቱ ክፉ አይደለም። ግን የማሽኑ ባለቤት ምን ምን ማየት እንደሚችል አውቆ መከራየት አለ፣ ሳያውቁ መከራየት አለ።

የምትከራዩት ቪኤም (ቨርቹዋል ማሽን) ነው። አንድ ትልቅ ሰርቨር ላይ ሃይፐርቫይዘር የሚባል ሶፍትዌር ብዙ ቪኤሞችን ጎን ለጎን ያስኬዳል። ብዙ ሰው «ዲስኩን ኢንክሪፕት አድርጌያለሁ፣ ኔትወርኩም ተቆልፏል» ብሎ እፎይ ይላል። ራሙስ? ፕሮግራሙ ካርዱን ለሐኪሙ ሊያሳይ ሲያነሳው ራም ላይ ተፈትቶ ነው የሚቀመጠው። የዲስኩ ቁልፍ ራሱ እዚያው ራም ላይ ነው። ኬቪኤም የሚባለው ሃይፐርቫይዘር በሚሠራበት ሰርቨር አስተዳዳሪው «ቨርሽ ደምፕ» የምትለዋን ትዕዛዝ ከቪኤሙና ከሚወጣው ፋይል ስም ጋር ቢጽፍ የቪኤሙ ሜሞሪ እንዳለ ፋይል ሆኖ ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ውስጥ ቃል መፈለግ ብቻ ነው። የታካሚው ስም፣ የምርመራ ውጤቱ፣ የሠራተኛው ፓስወርድ እንደ ወረደ ይነበባል። ተከራይ ሥራ ውሎ ሲመለስ አከራዩ በትርፍ ቁልፍ ገብቶ ዕቃውን ፈትሾ እንደ መውጣቱ ነው።

ፕሮሰሰር ሠሪው ኤኤምዲ ይህን ክፍተት ለመዝጋት እ.ኤ.አ. በ2016 ኤስኢቪ የሚባለውን ዘዴ አስተዋወቀ፤ በ2017 ኤፒክ ፕሮሰሰሮች ይዘውት ወጡ። እያንዳንዱ ቪኤም የራሱ ቁልፍ አለው። ቁልፉን የሚያመነጨው ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ትንሽ ፕሮሰሰር ሲሆን፣ ሃይፐርቫይዘሩ አያየውም። መረጃው ወደ ራም ሲወጣ ይቆለፋል፣ ሲመለስ ይፈታል። ያው አስተዳዳሪ ያችኑ ትዕዛዝ ቢጽፍ የሚያገኘው የተመሰቃቀለ ባይት ብቻ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 የጀርመን ተመራማሪዎች ሃይፐርቫይዘሩ ማንበብ ባይችል እንኳ የሜሞሪ ገጾችን ማቀያየር እንደሚችል አሳዩ። ቪኤሙ ውስጥ ያለው ዌብ ሰርቨር አንድ ተራ ድረ ገጽ ልኬያለሁ ብሎ ሲያስብ፣ ምስጢሩን በራሱ እጅ ፈትቶ ይልክ ነበር። ቁልፍ ብቻውን እንደማይበቃ ያየሁት በዚህ ነው። በ2021 የመጣው ኤስኢቪ ኤስኤንፒ እያንዳንዱ የሜሞሪ ገጽ የማን እንደሆነ በሰንጠረዥ መዝግቦ ይይዛል፤ ሆስቱ (ቪኤሞቹን የሚያስኬደው ሰርቨር) በሰው ገጽ ላይ ልጻፍ ቢል ፕሮሰሰሩ ይከለክለዋል። ኢንቴልም ቲዲኤክስ የሚባል የራሱን ዘዴ ይዞ መጥቷል።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማረጋገጫው ነው። ቪኤሙ ሲነሳ ፕሮሰሰሩ ምን ሶፍትዌር እንደተጫነና ጥበቃው መብራቱን የሚናገር የተፈረመ ሪፖርት ያወጣል። ባለ መረጃው ፊርማውን መርምሮ ልክ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ የዲስኩን ቁልፍ ይልካል። ይህ ካልተደረገ «ጥበቃ አለው» የሚለው ወሬ ነው።

ሁሉንም ይዘጋል ግን አልላችሁም። ሆስቱ ቪኤሙን ካሻው ያጠፋዋል፤ ይህን የሚከለክል የለም። ወደ ኔትወርክና ዲስክ የሚሄደው መረጃ ሳይቆለፍ በሚቀር የጋራ ሜሞሪ በኩል ስለሚያልፍ አስቀድሞ ኢንክሪፕት መደረግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ባድራም የተባለው ጥቃት 10 ዶላር ገደማ በሚያወጣ መሣሪያ የራሙን ካርድ ነካክቶ ጥበቃውን ማለፍ እንደሚቻል አሳየ። ኤኤምዲ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ቢሆንም የሰርቨር ክፍሉ በር ቁልፍ ዛሬም ዋጋ አለው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ግን ቅጣት ብቻውን ምስጢር አይጠብቅም። የወጣ ምስጢር ደግሞ አይመለስም።

ስለዚህ በሆስፒታል፣ በባንክ ወይም በቀበሌ ሰርቨር የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አከራዩን ጠይቁልን፤ የቪኤሜ ሜሞሪ በሃርድዌር ቁልፍ ይቆለፋል ወይ? የተፈረመውን ሪፖርት እኔ ራሴ መመርመር እችላለሁ ወይ? መልሱ «እመኑን» ብቻ ከሆነ የታካሚ ካርድ እዚያ አታስቀምጡ።