ቁጥርን ለምን እንፈራለን?

ባህር ዳር ላይ ሒሳብ ስናስተምር አንድ ነገር አስተውለናል። በጣና ዳር የዓሣ ዋጋ በቃሉ የሚያሰላ ልጅ፣ ሰሌዳው ላይ 1/8 ሲጻፍ ይርበተበታል። የሚያስፈራው ቁጥሩ ሳይሆን ከዱላና ከስድብ ጋር መምጣቱ ነው።

በመድረሳ ግን ክፍልፋይ የሰው ሐቅ ነው። ሟች ዕዳው ተከፍሎ 48,000 ብር ቢተርፈው፣ ወራሾቹም ሚስቱ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጁ ብቻ ቢሆኑ፣ ሚስት 1/8ኛውን፣ 6,000 ትወስዳለች። ቀሪው ሦስት እጅ ሆኖ ለወንዱ ሁለቱ፣ 28,000፣ ለሴቷ አንዱ፣ 14,000 ይደርሳቸዋል። ድምሩ ሳይጎድል ሳይተርፍ 48,000! ውበቱ እዚህ ላይ ነው። አል-ኸዋሪዝሚም በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው የአልጀብራ መጽሐፍ ለውርስ ስሌት ሰፊ ቦታ ሰጥቷል።

ውድ ወላጆች፣ ቁጥርን የምትፈራ ልጅ፣ ነገ ድርሻዋን የሚቆጥርላት ሌላ ሰው ነው። ዛሬ ማታ እንጀራውን ለስምንት እርሷ ትክፈለው።