የሦስተኛው ሰርቨር ነገር

አንዱ ሰርቨር ቢወድቅ ሌላው ተክቶ አገልግሎቱ ሳይታጎል እንዲቀጥል በማሰብ ዳታቤዙን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያቋቁም ሰው፣ ሥራው ሁሉ ቅጂን ከማብዛት ያለፈ አይመስለውም። ቅጂ ማብዛትስ በፖስትግሬስም ሆነ በማይኤስኪውኤል በጥቂት ትእዛዝ የሚፈጸም ነው፤ ጭንቁ ያለው ዋናው ሰርቨር ዝም ባለ ጊዜ የመጻፍ ሥልጣን የማን እንደሚሆን ሁሉም በአንድ ቃል እንዲስማሙ በማድረግ ላይ ነው።

ከማዶ ያለው ሰርቨር መልስ ሲነፍግ፣ ሞቶ ይሁን ወይስ የመካከሉ መስመር ተቆርጦ እርሱ ግን በሕይወት ሆኖ የደንበኞችን ጽሑፍ እየተቀበለ፣ ከወዲህ የሚጠባበቀው ባልንጀራው በእርግጥ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ሰርቨሮቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ፣ እያንዳንዱ ባልንጀራውን እንደ ሞተ ቆጥሮ ሥልጣኑን ቢይዝ የሚከለክለው የለምና፣ በአንድ መዝገብ ላይ ሁለት ነገሥታት ይነግሣሉ፤ በአንዱ ዘንድ ተከፍሎ የተዘጋው ሒሳብ በሌላው ዘንድ ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከ3 አባላት 2ቱ፣ ከ5ም 3ቱ ምልዓተ ጉባኤ ሆነው ካልተስማሙ መሪ አይሾምም። (4 ማድረግ በዚህ ረገድ ትርፍ የለውም፤ ምልዓተ ጉባኤው 3 ስለሚሆን የሚችለው ያው የአንዱን ውድቀት ብቻ ነው።) ፖስትግሬስን፣ መሪውን በሚቆጣጠረው በፓትሮኒና የመሪነቱ ቁልፍ በሚቀመጥበት በኢትሲዲ ያቋቋመ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል፦ መሪው የመሪነቱን ቁልፍ በየ10 ሴኮንዱ ያድሳል፤ ከጉባኤው ተለይቶ ማደስ ያልቻለ እንደ ሆነ ከመሪነት ይወርዳል፤ ቁልፉም አስቀድሞ በተቀመጠው ልክ 30 ሴኮንድ ሳይታደስ ቢቆይ ይሻራል።

ይሁን እንጂ ምልዓተ ጉባኤ መሪን እንጂ ጽሑፍን አያድንም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018 የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ በሆነው በጊትሃብ ላይ የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። በዘወትር ጥገና ምክንያት በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ያለው የኔትወርክ ማዕከሉ ከዋናው ዳታ ሴንተሩ ጋር ለ43 ሴኮንድ ተለያየ፤ የቀሩት አባላት እንደ ሥርዓቱ ተስማምተው መሪነቱን ወደ ምዕራብ ጠረፍ አዛወሩት፤ ነገር ግን በምሥራቅ ተጽፈው ገና ያልተሻገሩ ጽሑፎች ነበሩና፣ ምዕራቡም አዲስ ጽሑፍ መቀበል ሲጀምር ሁለቱ መዝገቦች ተለያዩ። አገልግሎቱ ለ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ታወከ። መሐንዲሶቹ ከፍጥነት ይልቅ የመዝገቡን ሙሉነት አስቀደሙ፤ እኔ ይህን ምርጫ ከልቤ አከብረዋለሁ፤ የዘገየ አገልግሎት በማግስቱ ይካሳል፣ ሰው አምኖ ያስቀመጠው ጽሑፍ ግን ከጠፋ ምን ይተካዋል?

ጽሑፉ በሁለተኛው ስፍራ መድረሱ ሳይረጋገጥ «ተመዝግቧል» አለማለት ይቻላል፤ ዋጋውም ጊዜ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 4,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 40 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ለባንክ ሒሳብና ለሕሙማን መዝገብ ይህ ዋጋ ሊከፈል ይገባል፤ አንድ ቪዲዮ ስንት ጊዜ ታየ ለሚል ቁጥር ግን አያስፈልግም።

አብዝቶ ችላ የሚባለው የሦስተኛው አባል ማደሪያ ነው። ይህ አባል መዝገብ የማይዝ፣ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ግን ከሁለቱም የተለየ፣ በሌላ የኤሌክትሪክና የኔትወርክ መስመር የሚኖር መሆን አለበት። ከመሪው ጋር በአንድ መደርደሪያ ከተቀመጠ፣ የዚያ መደርደሪያ ኃይል በተቋረጠ ሰዓት ከ3ቱ 2ቱ በአንድነት ይወድቃሉ፤ የቀረውም መዝገቡን በሙሉ ይዞ፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ምልዓተ ጉባኤ ስለሌለው አንዲት መስመር እንኳ መጻፍ አይፈቀድለትም።